ከመጥረግ በፊት ማየት፦ የቀላል አውሮፕላን ሞተር የጭስ ማውጫ አጠባበቅ

የቀላል አውሮፕላን የሞተር ሽፋን ሲከፈት ጀማሪ መካኒክ መጀመሪያ የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ነው። ቆሻሻ ሞተር ፊት ቆሞ አለመጥረግ ስንፍና ስለሚመስለው፣ ገና ምንም ሳይመለከት ቱቦዎቹን ማሸት ይጀምራል። ይህ ልማድ በሌላው የሞተር ክፍል ላይ ያስመሰግን ይሆናል፤ በጭስ ማውጫው ላይ ግን ይጎዳል። የጭስ ማውጫ ብልሽት ስንጥቅ ሆኖ ለዓይን ከመድረሱ በፊት እድፍ ሆኖ ይታያል፤ እድፉ ከተጠረገ ደግሞ ብልሽቱ የት እንዳለ የሚመራን ምልክት አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በታች የቀረበው የምርመራ፣ የመፍታትና የመግጠም ሥርዓት በሙሉ የሚነሣው ከዚህ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መመዝገብ፣ መጥረግ በመጨረሻ።

ለምሳሌነት የወሰድሁት ባለ አራት ሲሊንደር ላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተር የተገጠመለትን ሴስና 172 ነው። ይህ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተመረተና በየአገሩ ያሉ የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚገለገሉበት በመሆኑ፣ አንባቢው አንድ ቀን ሽፋኑን የሚከፍትበት ዕድል ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ ነው። በፓይፐርና በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ የቱቦዎቹ አቀማመጥ ይለያያል፤ የአሠራሩ መሠረት ግን አንድ ነው። የዳዶዎቹን የማጥበቂያ ልክ፣ የዕቃውን ቁጥርና የምርመራውን ጊዜ የሚወስነው የአምራቹ የጥገና መመሪያ ስለሆነ፣ እዚህ የተጻፈውና መመሪያው ቢለያዩ መመሪያው ይቀድማል። የጭስ ማውጫ ክፍሎችን ፈትቶ መልሶ መግጠም ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ የሚሠራው ወይም ተቆጣጥሮ የሚፈርምበት ሥራ ነው። መመልከት ግን ለአብራሪውም የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ግዴታው ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ሙቀት በአብዛኛው ከ650 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይህን ሙቀት የሚሸከመው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስቴንለስ ስቲል ወይም ኢንኮኔል የተባለው ሙቀት የሚችል የኒኬል ቅይጥ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ብረቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግሎ ይለጠጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ያለ እረፍት ይንቀጠቀጣል። በዚህም የተነሣ ጭስ ማውጫ እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ የአውሮፕላኑ አካል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ጭስ ማውጫው ሲበላሽ የሚያስከትለው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የኃይል መቀነስ ሲሆን፣ የጭሱን ድምፅ በሚያበርደው ሳጥን፣ በማርሚታው፣ ውስጥ ያሉት ቆርቆሮዎች ተሰብረው መውጫውን ሲዘጉ የሚመጣ ነው፤ መዘጋቱ ከበረታ ሞተሩ ጨርሶ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው እሳት ነው፤ ከስንጥቅ የሚፈተለክ ጋዝ እንደ ብየዳ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩር አጠገቡ ያለውን የነዳጅ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሞተር መያዣ ብረት ይበላል። ሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

የዚህን ጋዝ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ መቅረቱን ያልሰማ የለም፤ በአውሮፕላን ካቢን ውስጥ የሚያሰጋውም ያው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ አብራሪ የሚያገኘው ኦክስጅን ከመነሻው ያነሰ ነው፤ ጠዋቱም ስለሚበርድ የካቢን ማሞቂያውን መክፈቱ አይቀርም። የሴስና 172 ማሞቂያ ደግሞ አየሩን የሚያሞቀው በማርሚታው ገላ ላይ አሳልፎ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 አርጀንቲናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ ከፈረንሳይ ከተማ ናንት ወደ ዌልስ ካርዲፍ ሲጓዝ የተሳፈረባት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ባሕር ላይ ወደቀች። በሳላ ደም ውስጥ ከነበረው ሄሞግሎቢን 58 በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ተገኘ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት ለአደጋው ሌሎች ምክንያቶችንም ዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም ጋር አብራሪው ምናልባት በጋዙ ተመርዞ እንደነበረ፣ አውሮፕላኗ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚያሰማ የጋዝ መለያ እንዳልነበራትና ጭስ ማውጫን በየጊዜው መመርመር ብቻውን የመመረዝን አደጋ እንደማያስወግድ ገልጸዋል። ለጥገና ባለሙያ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ምርመራችን ጥሩ ቢሆንም እንኳ በቂ አይደለም ከተባለ፣ ለይስሙላ የተደረገ ምርመራ ምን ሊባል ነው?

ምን ከምን ጋር ይያያዛል?

ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ በፍላንጅ፣ ማለትም በዳዶ በሚታሰር የቱቦ ከንፈር፣ የታሰረ አንድ ቱቦ ይወጣል። በፍላንጁና በቴስታታው መካከል ጋዝ እንዳያፈስ የሚያሽግ ጋስኬት አለ። አራቱ ቱቦዎች ከሞተሩ በታች ወደ ማርሚታው ይገባሉ፤ ቱቦ ከቱቦ ወይም ቱቦ ከማርሚታ በሚጋጠምበት ስፍራ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ እንዲንሸራተት የተተወ መጋጠሚያ ይኖራል። ከማርሚታው በኋላ ያለው የጅራት ቱቦ ጭሱን ከሽፋኑ በታች ወደ ውጭ ያስወጣል። በማርሚታው ዙሪያ ባለሙያዎች ሽሩድ የሚሉት የቆርቆሮ ልባስ ተጠቅልሏል፤ በልባሱና በማርሚታው መካከል የሚያልፈው ንጹሕ አየር ሞቆ፣ በተጣጣፊ ቱቦ በኩል የእሳት መከላከያ ግድግዳውን አልፎ ወደ ካቢን ይገባል። የካርቡራተሩ በረዶ መከላከያ አየርም የሚሞቀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጨርቁ ሳይነሣ የሚደረግ ምርመራ

ጭስ ማውጫ በየ100 ሰዓቱና በዓመታዊው ምርመራ መታየቱ የታወቀ ነው። እኔ በበኩሌ ግን ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር፣ በተለይም ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሻማዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ መጥፋቱን፣ ቁልፉ መውጣቱን፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር መመጠኛው) መቆረጡን፣ ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ መዘጋቱንና ጎማዎቹ መታገዳቸውን ያረጋግጡ። እንዲህም ሆኖ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ ሊነሣ እንደሚችል ቆጥረው ይራቁት። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ብርቱ የእጅ ባትሪ፣ እጀታው የሚታጠፍ መስታወት፣ ማጉያ መነጽር፣ ከተገኘም ወደ ማርሚታው ሆድ የሚገባ ቦሮስኮፕ (ቀጭን የመመልከቻ ካሜራ)።

ምርመራው የሚጀምረው ከሞተሩ ላይ ከወረደው ሽፋን ነው። ሽፋኑን ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ። ቀለሙ የተኮማተረበት፣ የጠቆረበት ወይም የተቃጠለበት ስፍራ ካለ ከዚያ ትይዩ የሆነውን ቱቦ በአእምሮዎ ይያዙ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፍላንጅ በየተራ ይመልከቱ። ጋዝ የሚያፈስ መጋጠሚያ በአጠገቡ ድብዝዝ ያለ ግራጫ ወይም የጥላሸት ጥቁር መስመር ይተዋል። መስመሩ እንደ ማራገቢያ እየሰፋ ስለሚሄድ ወደ ጠባቡ ጫፍ ሲከተሉት የሚያፈሰው ቦታ ላይ ያደርስዎታል። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማመሳከር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው አራተኛው ብቻ የተለየ ከሆነ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ብልሽት ይቆጠራል።

እድፍ ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም። በቱቦው ላይ የሚታየው የገለባ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ቀለም ሙቀት ያመጣው ነው፤ ጤናማ ቱቦም እንዲህ ይሆናል። ከላይ የተንጠባጠበና የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ በጥፍር ሲነካም እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ የጋዝ ጥላሸት ግን ደረቅና ድብዝዝ ነው፣ ጣት ላይም እንደ ዱቄት ይቀራል። ይህን ልዩነት መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ዓይን የሚለምደው ግን ብዙ ሞተር ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ያየውን ሁሉ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ በሥዕሉም ላይ የሲሊንደሩን ቁጥርና የሞተሩን ሰዓት ይጻፍ። ከፎቶግራፉ በኋላ ጨርቁን ማንሣት ይችላል።

ከተጠረገ በኋላ ቱቦዎቹ እንደገና ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ የሚወደው የብየዳን ዳርቻ፣ የቱቦን መታጠፊያና ክላምፕ ያረፈበትን ስፍራ ነው። የጭስ ሙቀት መለኪያ የተሰካበት ቀዳዳ ካለም ዙሪያው ይታይ። አብጦ የወጣ ወይም ወደ ውስጥ የጎደጎደ ብረት ሙቀት ያደከመው ነው። የሚያጠራጥርዎትን ቦታ በደነዘ ብረት ጫፍ በመጠኑ ይጫኑት፤ ጤናማ ብረት አይበገርም፣ የሳሳው ግን ይሰረጉዳል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ሲበሳ መደንገጥ አያስፈልግም። ዛሬ መሬት ላይ የተበሳው ነገ አየር ላይ ሊበሳ የነበረው ነው።

ተንሸራታቹን መጋጠሚያ በእጅዎ ይሞክሩት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጥቂት መንቀሳቀስ አለበት። ከዛገና ከተጣበቀ ብረቱ ሲለጠጥ የሚሄድበት ስለማይኖረው ጭነቱ ወደ ብየዳው ይተላለፋል፤ የተሰነጠቀው ሌላ ቦታ ሆኖ በሽታው ግን እዚህ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስንጥቁን ብቻ አስበይዶ መጋጠሚያውን የረሳ ባለሙያ ያንኑ ስንጥቅ እንደገና ያገኘዋል። የጅራት ቱቦው ማንጠልጠያዎችና ክላምፖች እንዳልላሉና ቱቦው ሽፋኑን እንዳይነካ ማረጋገጥ ይቀራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሽሩዱ መነሣት አለበት

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለጥገና ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ ከማርሚታና ከሙቀት ማስተላለፊያ ብልሽቶች ግማሽ ያህሉ ለካቢንና ለካርቡራተር ሙቀት በሚሰጠው ገጽ ላይ የሚደርስ ስንጥቅ ወይም መቀደድ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ገጽ ደግሞ በሽሩዱ የተሸፈነው ነው። ስለዚህ ሽሩዱን ሳያነሡ ዙሪያውን በባትሪ አብርቶ «ታይቷል» ብሎ መፈረም ግማሹን ብልሽት ሳያዩ ማለፍ ነው። ማንሣቱ አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ብሎኖቹ ትናንሽ ናቸው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ካቻቢቴ የማይገባበት ጥግም አለ። መድን የሚሆን አቋራጭ ግን የለውም።

ሽሩዱ ሲነሣ የማርሚታው ገላ እንደገና ከመጠረጉ በፊት ይታያል። የሽሩዱ ውስጥ ንጹሕ አየር ብቻ የሚያልፍበት ስለሆነ ጥላሸት ሊኖርበት አይገባም፤ ካለ ማርሚታው አፍስሷል ማለት ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ከዚያም የዳርና የዳር ክዳኖቹን ብየዳ፣ ቱቦዎቹ የሚገቡበትን አንገትና ሽሩዱ ሲንቀጠቀጥ እየፈተገ ያሳሳውን መስመር በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በጅራት ቱቦው በኩል ቦሮስኮፕ አስገብተው የውስጡን ቆርቆሮዎች ይዩ፤ ቦሮስኮፕ ከሌለ ባትሪና መስታወት ይጠቀሙ። ማርሚታውን በጎማ መዶሻ በቀስታ ሲመቱት የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰሙ ውስጡ ተሰብሯል። የተሰበረ ቁራጭ አንድ ቀን መውጫው ላይ ገብቶ ይወተፋል፤ የሞተሩ ዙር በመሬት ሙከራ ላይ ያለ ምክንያት ከወትሮው ሲያንስ ከሚጠረጠሩት አንዱም ይኸው ነው።

ወደ ካቢን የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ እንዳልተቀደደ፣ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ ያለው የሙቀት ማስገቢያ በር በደንብ እንደሚዘጋ፣ በግድግዳው የሚያልፉ ሽቦዎችና ኬብሎች ዙሪያም ክፍተት እንደሌለ በዚሁ ጊዜ ይታያል። ጋዝ ማሞቂያው ዝግ ሆኖም በእነዚህ ቀዳዳዎች ሊገባ ይችላል።

በአየር ግፊት መፈተን

ዓይን ያላየውን የሳሙና አረፋ ያሳያል። የአቧራ መጥረጊያ ማሽንን የሚነፋበት በኩል ከጅራት ቱቦው ጋር በጎማ ወይም በጨርቅ ጠምጥመው ያገናኙት፤ ግፊቱ ዝቅተኛ፣ 2 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ ብቻ መሆን አለበት። የጋራዥ ኮምፕረሰርን ያለ መቆጣጠሪያ ማገናኘት ማርሚታውን ይጎዳል። ከዚያ የሳሙና ውኃ በፍላንጆቹ፣ በብየዳዎቹና በማርሚታው ገላ ላይ ይርጩ። በተንሸራታቹ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢታይ የሚጠበቅ ነው፤ በብየዳ፣ በማርሚታው ገላ ወይም በጋስኬቱ ዙሪያ የሚታይ አረፋ ግን ተቀባይነት የለውም። ከአየር ማስገቢያው በኩል ፉጨት ቢሰማም ወዲያው ሞተሩ ተበላሽቷል አይባል፤ አንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮቹ በከፊል በተከፈቱበት ቦታ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሲጨርሱ ሳሙናውን በንጹሕ ውኃ አጥበው ያድርቁት።

ሁለቱ እርሳሶች

በአማርኛ እርሳስ ስንል መጻፊያውንም ብረቱንም ማለታችን ነው፤ ከጭስ ማውጫ ጋር በተያያዘ ሁለቱም መጠንቀቂያ ያሻቸዋል። በመጻፊያው እርሳስ ቱቦ ላይ ምልክት ማድረግ ክልክል ነው። ምልክቱ ብረቱ ሲግል ወደ ውስጡ ገብቶ የብረቱን ባሕርይ ይለውጠዋል፣ ከዚያም በትክክል በተሰመረበት ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ የት እንዳለ ለማመልከት በእርሳስ ያከበበ ሰው ሌላ ስንጥቅ ሠራ ማለት ነው፤ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ዚንክ የተቀባ መሣሪያም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ተራ የብረት ብሩሽ በስቴንለሱ ላይ ዛጊ ብናኝ ስለሚተው ብሩሹ ራሱ ስቴንለስ መሆን አለበት፤ ቀደም ሲል በአየር እየተነፋ ተራ ብረት የተጠረገበትን አሸዋ መልሶ ለጭስ ማውጫ መጠቀምም አይፈቀድም።

ሁለተኛው እርሳስ ያለው በነዳጁ ውስጥ ነው። 100 ኤልኤል የተባለው የአቪዬሽን ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊይዝ ይችላል። በጅራት ቱቦው ውስጥና በሚያፈስሱ መጋጠሚያዎች ዙሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ግራጫ ዱቄት ከዚሁ የመጣ መርዛማ ብናኝ ነው። በእጅ ጓንትና በአፍ መሸፈኛ ይሥሩ፤ ዱቄቱን በአየር አይንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሰብስቡት፤ እጅ ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፣ የሥራ ልብስዎን ከልጆች ልብስ ጋር አያጥቡ።

መፍታትና መልሶ መግጠም

የፍላንጅ ዳዶዎች ለዓመታት በሙቀት የተጋገሩ ስለሆኑ ከመፍታት አንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር ጥሩ ነው። ዳዶው እምቢ ካለ በጉልበት አይታገሉት፤ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው በኩል አንቀሳቅሰው እንደገና ወደ መፍቻው ይመልሱት። በአሉሚኒየሙ ቴስታታ ውስጥ የተሰካው ቡሎን ከተሰበረ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሲሊንደር እስከ ማውረድ ሊደርስ ይችላል። ማርሚታው ሲወርድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ደግፎ ይያዝ፣ ሌላው ይፍታ። በአንድ ቱቦ ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ማርሚታ ያንን ቱቦ ያጣምመዋል።

መልሶ ለመግጠም በመጀመሪያ የቴስታታውንና የፍላንጁን ፊት ከአሮጌ ጋስኬት ቅሪት ያጽዱ፤ አሉሚኒየሙን እንዳይቧጥጥ መፋቂያው ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሁን። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍላንጁ ላይ አስቀምጠው መጣመሙን ይፈትሹ። ጋስኬቱ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የተጨፈለቀን ጋስኬት መልሶ መጠቀም የሚያስገኘው ቁጠባ ጥቂት ነው፤ በሚያፈሰው ጋዝ የተበላውን የቴስታታ ፊት ማስተካከል ግን ብዙ ያስወጣል። ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎችም በአዲስ ይተኩ።

ዋናው ጥበብ ከመጥበቁ በፊት ባለው ልቅ ጊዜ ላይ ነው። አራቱን ቱቦዎች፣ ማርሚታውንና የጅራት ቱቦውን ሁሉ በእጅ ብቻ በጠበቁ ዳዶዎች ያንጠልጥሏቸው። እያንዳንዱ ያለ ግፊት በቦታው መቀመጡን፣ ተንሸራታቾቹ መንቀሳቀሳቸውን፣ ከሽቦዎች፣ ከነዳጅ ቱቦዎችና ከሽፋኑ ጋር በቂ ርቀት መኖሩን ይመልከቱ። ፍላንጁ ቡሎኖቹ ላይ እንዲገባ ቱቦውን በእጅ መጎተት ካስፈለገ አንድ ነገር ተጣሟል፤ በዳዶ ጉልበት የተስተካከለ ጭስ ማውጫ ውጥረቱን ይዞ ስለሚበር ፈጥኖ ይሰነጠቃል። ሁሉም ካረፈ በኋላ ከቴስታታው ጀምረው ወደ ታች፣ ዳዶዎቹን እያፈራረቁና በየደረጃው እየጨመሩ በቶርክ ሬንች (ጥብቀትን በሚለካው መፍቻ) መመሪያው በሰጠው ልክ ያጥብቁ። ሞተሩን መሬት ላይ አስነሥተው ካሞቁትና መልሶ ከቀዘቀዘ በኋላ አዲሱ ጋስኬት ስለሚረግ ጥብቀቱን እንደገና ይፈትሹ።

መጠገን ወይስ መለወጥ?

ለመኪና ማርሚታ የሚደረገው ቁራጭ ቆርቆሮ ለጥፎ መበየድ ወይም ቀዳዳን በሚደርቅ ሊጥ መድፈን በአውሮፕላን ላይ ቦታ የለውም። የስንጥቁን ጫፍ በመሰርሰሪያ በስቶ ማስቆምም ለሌላ የቆርቆሮ ሥራ የሚሠራ እንጂ ጋዝ ለሚይዝ ቱቦ አይሆንም። ብየዳ የሚፈቀደው ብረቱ ከስንጥቁ ውጭ ጤናማ ሲሆን፣ በውስጥም በውጭም በአርጎን ጋዝ ከአየር ተጠብቆ፣ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ባለው ቤት ሲሠራና ተመልሶ በግፊት ሲፈተን ነው። ገላው የሳሳ ማርሚታ ግን አይበየድም፣ ይለወጣል። ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ጊዜና የውጭ ምንዛሪ በሚያስፈልግበት አገር «እስኪመጣ ድረስ» የሚለው ፈተና ብርቱ መሆኑ ይገባኛል። መፍትሔው የመጀመሪያው ብየዳ በተሠራ ዕለት ምትኩን ማዘዝ ነው፤ ሁለተኛውን ስንጥቅ አይጠብቁ።

ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸው ሞተሮች የራሳቸው ጥብቅ መመሪያ አላቸው። የጅራት ቱቦውን ከቱርቦው ጋር የሚያያይዘው ቪ-ባንድ የተባለው ቀለበት ሲበጠስ እሳት ስለሚያስከትል፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 በነጥብ ብየዳ ለተሠሩት ዓይነቶች የ500 ሰዓት የአገልግሎት ገደብ አውጥቷል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የሚሠራ ባለሙያ በሴስና 172 ልምዱ ብቻ አይመራ።

አብራሪው የሚያበላሸው

ማርሚታን በአንድ ቅጽበት ከሚያፈርሱ ስሕተቶች አንዱ የሚፈጸመው ከመነሣት በፊት በሚደረገው የማግኔቶ ሙከራ ላይ ነው። አብራሪው ቁልፉን አሳልፎ ሁለቱንም ማግኔቶዎች ያጠፋል፣ ደንግጦም ወዲያው ይመልሰዋል። በዚያች ቅጽበት ሳይቃጠል ወደ ማርሚታው የገባው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቁልፉ ካለፈ የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ (ትሮትሉን) ወደ ኋላ ስቦ ሞተሩ እንዲቆም መተው ይሻላል፤ ፍንዳታው ከተሰማም በረራው ቀርቶ ማርሚታው ይታይ። ሌላው ጎጂ ልማድ ለረጅም ጊዜ የቆመን አውሮፕላን «ለማሟሟቅ» አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሳይወጣ በማርሚታው ውስጥ ውኃ ሆኖ ከአሲድ ጋር ይቀራል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። አይነሣ፣ ከተነሣም ይብረር።

የመጨረሻው መለኪያ በካቢን ውስጥ

ከጥገና በኋላ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ይዘው ሞተሩን ያስነሡ፤ በርና መስኮት ዘግተው አንድ ጊዜ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ይለኩ። የቀላል አውሮፕላኖች የአሜሪካ የአሠራር ደንብ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ በካቢን አየር ውስጥ ይፈቅድ የነበረው ጣሪያ ከ20,000 አንድ እጅ፣ ማለትም 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) ነበር። እኔ ግን ቁጥሩ ከዚያ ቢያንስም ካለፈው ጊዜ ከጨመረ ምክንያቱ ሳይገኝ አውሮፕላኑን አልለቅም። በዳሽቦርዱ ላይ የሚለጠፈው፣ ጋዝ ሲነካው የሚጠቁረው ካርድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከወራት በኋላ ያረጃል፣ አብራሪው ካላየውም አይናገርም፤ ድምፅ የሚያሰማውን የኤሌክትሮኒክ መለያ ይምረጡ። በበረራ ላይ ከጮኸ ወይም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ማሞቂያው ይዘጋ፣ የንጹሕ አየር ማስገቢያው ሁሉ ይከፈት፣ ኦክስጅን ካለ ይወሰድ፣ በቅርብ ባለው ሜዳም ይታረፍ።

በሞተሩ መዝገብ ላይ የተለወጠው ዕቃ ቁጥር፣ የግፊት ፈተናው ውጤት፣ በካቢን የተነበበው ፒፒኤምና የሞተሩ ሰዓት ይጻፋል። በሚቀጥለው የዘይት ለውጥ ሽፋኑ ሲወርድ የዛሬውን ፎቶግራፍ ከፍተው፣ ጨርቁን ሳያነሡ፣ ከፊትዎ ካለው ሞተር ጋር ቱቦ በቱቦ ያመሳክሩት።